ስለ ኦርኪድ ሳክሲያ ሙሌት አመራረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የሚደጋገም አንድ ታሪክ አለ። አንድ ሰው በበዓል ወይም በሹመት ቀን በሳክሲያ የተተከለች ኦርኪድ በስጦታ ትመጣለታለች። ባለቤቱ ቀረብ ብሎ ሲመለከት በሳክሲያው ውስጥ አፈር የለም፤ ያለው የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ብቻ ነው። «ይህን የመሰለ አበባ እንዴት በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ይተዋል?» ብሎ ያዝንላታል። ወዲያው ከጓሮው ምርጡን ጥቁር አፈር ከበሰለ ፍግ ጋር ደባልቆ ተክሏን ያዛውራታል፤ በየማለዳውም ውሃ ያጠጣታል። ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ትመስላለች። ከዚያም ቅጠሏ መጠውለግ ይጀምራል። ባለቤቱ የጠማት መስሎት ውሃውን ይጨምርላታል። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ተክሏ ትሞታለች። ከሳክሲያው ተነቅላ ስትታይ ሥሮቿ ቡናማ ሆነው በስብሰዋል፤ በጣት ሲጫኗቸውም ልባሳቸው እንደ እርጥብ ወረቀት ይላቀቃል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቸልተኛ የለም። ተክሏን የገደላት ደግነት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ የሞቷ ምልክት ከጥም ምልክት ጋር አንድ መሆኑ ነው። የበሰበሰ ሥር ውሃ ሊጠጣ ስለማይችል ተክሉ በውሃ ተከብቦ ሳለ ይጠማል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ጠውላጋ ቅጠል ያየ ሰው ደግሞ ውሃ ይጨምራል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው በኦርኪድ ላይም ይፈጸማል።

ይህ ጉዳይ በመሐንዲሶች ማኅበር ፊት የሚቀርብበት ምክንያት አለ። ለኦርኪድ ሳክሲያ ሙሌት መምረጥ ከአበባ ፍቅር ይልቅ የማቴሪያል ምርጫ ጥያቄ ነው። በግንባታ ሥራ ሙሌት የሚመረጠው በመልኩ ወይም በዋጋው ብቻ አይደለም፤ ሊሠራ የሚገባው ሥራ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ከዚያም ይህን ሥራ የሚሠራ ማቴሪያል ይፈለጋል። በኦርኪድም ቢሆን መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው «የቱ ሙሌት ይሻላል?» የሚለው ሳይሆን «ሙሌቱ ምን እንዲሠራ ይፈለጋል?» የሚለው ነው።

፩. ተክሉ በተፈጥሮ የሚኖርበት ሁኔታ

የኦርኪድ ቤተሰብ ከ25,000 የሚበልጡ ዝርያዎች እንዳሉት ይታወቃል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በመሬት ላይ የሚበቅሉ አይደሉም፤ በሞቃትና በእርጥብ አገሮች ደን ውስጥ በዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ይኖራሉ። ዛፍ ላይ ስለሚኖሩ ግን ከዛፉ የሚመገቡ ጥገኞች አይደሉም። ዛፉ ለእነርሱ መቆሚያ ብቻ ነው፤ ውሃቸውን ከዝናብና ከጤዛ፣ ምግባቸውን ደግሞ ከቅርንጫፍ ላይ ታጥቦ ከሚወርደው ቀጭን ፍሳሽና በስንጥቅ ውስጥ ከተጠራቀመው ብስባሽ ያገኛሉ።

እንዲህ ያለው ሥር በቀን ውስጥ የሚደርስበትን መመልከት ይገባል። ዝናብ ሲወርድ ይርሳል፤ ዝናቡ ሲያባራ ነፋስ ያገኘዋል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይደርቃል። ለዚህ ኑሮ እንዲስማማ ሥሩ ቬላሜን በሚባል ነጭ ልባስ ተሸፍኗል። ይህ ልባስ እንደ ስፖንጅ ባዶ ከሆኑ የሞቱ ሕዋሳት የተሠራ በመሆኑ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይስበዋል፤ ሲደርቅም አየር ይሞላዋል። ደረቅ ሥር ብርማ ነጭ፣ የረሰረሰ ሥር ግን አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ልባሱ ውሃ ሲሞላው ብርሃን ስለሚያሳልፍና ከሥሩ ያለው ሕያው ክፍል ስለሚገለጥ ነው።

ሥር ይተነፍሳል፤ ለመተንፈስም ኦክሲጅን ያስፈልገዋል። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከሟሟው ሠላሳ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከዚህም በላይ ኦክሲጅን በአየር ውስጥ የሚሰራጨው በውሃ ውስጥ ከሚሰራጨው ወደ 10,000 ጊዜ በሚጠጋ ፍጥነት ነው። እንግዲህ በሥሩ ዙሪያ የተኛ ቀጭን የውሃ ሽፋን እንኳ ለመተንፈሻው እንደ ግድግዳ ይሆንበታል። በረግረግ የሚኖሩ ተክሎች ለዚህ የሚሆን ሥሪት ተሰጥቷቸዋል፤ በቅርንጫፍ ላይ በነፋስ ሲገረፍ የኖረው የኦርኪድ ሥር ግን ይህ የለውም።

ከዚህ የሙሌቱ ሥራ ምን እንደሆነ ይገለጣል። ሙሌቱ ምግብ አይደለም። ሥራው ሦስት ነው፤ ተክሉን አጽንቶ ማቆም፣ ጥቂት ውሃ ማቆየት፣ ብዙ አየር ማሳለፍ። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ጥበቡ ያለው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በማስታረቅ ላይ ነው።

፪. ከታሪክ የተገኘ ትምህርት

ይህ እውነት የታወቀው ብዙ ተክል ካለቀ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 እንግሊዛዊው ዊልያም ካትሊ ከብራዚል በመጣ ተክል ላይ ታላቅ ሐምራዊ አበባ አበቀለ፤ የእጽዋት ሊቁ ጆን ሊንድሊም ወገኑን በስሙ «ካትሊያ» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ ባለጸጎች ዘንድ የኦርኪድ ፍቅር እንደ ወረርሽኝ ተስፋፋ። መርከቦች ከደቡብ አሜሪካና ከእስያ ደኖች የተነቀሉ ተክሎችን እየጫኑ መጡ። አትክልተኞቹ ግን «ከሞቃት አገር የመጣ ሁሉ ሙቀትና እንፋሎት ይፈልጋል» ብለው ስለገመቱ በተዘጋና መስኮት በማይከፈትበት የመስተዋት ቤት ውስጥ አስቀመጧቸው፤ ሥራቸውንም በከባድ ብስባሽ ቀበሩት። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ ከመጡት ኦርኪዶች አብዛኞቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞቱ።

ነገሩን ካቃኑት ሰዎች አንዱ በቻትስወርዝ የዴቮንሺር መስፍን አትክልተኛ የነበረው ጆሴፍ ፓክስተን ነው። መስፍኑ እ.ኤ.አ. በ1833 ኦርኪድ መሰብሰብ ሲጀምር ፓክስተን ለሁሉም አንድ ዓይነት ሙቀት መስጠትን ትቶ ተክሎቹን እንደመጡበት አገር አየር በተለያዩ ቤቶች ከፋፈላቸው፤ ነፋስም እንዲገባላቸው አደረገ። የፓክስተን ስም ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ለታላቁ ኤግዚቢሽን የተሠራውን፣ 563 ሜትር ርዝመት የነበረውን የብረትና የመስተዋት ሕንፃ፣ «ክሪስታል ፓላስ»ን የነደፈው እርሱ ነው። በምሕንድስና ትምህርት ቤት ሳይሆን በአትክልት ቦታ የሠለጠነው ይህ ሰው በሁለቱም ሥራ የያዘው መንገድ አንድ ነበር፤ ይኸውም ልማድን ከመከተል ይልቅ ነገሩ የሚፈልገውን መጠየቅ ነው።

፫. ክፍተቱ የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መድረስ ይቻላል። አንድ ዕቃ መጠናቸው እኩል በሆኑ ክብ ኳሶች ቢሞላና ነቅነቅ ተደርጎ ቢደላደል ከዕቃው ይዘት 36 በመቶ ያህሉ ባዶ ክፍተት ሆኖ ይቀራል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ዕቃው ከኳሶቹ እጅግ እስከሰፋ ድረስ፣ ኳሶቹ የአተር ፍሬ ቢያክሉም ሆነ ብርቱካን ቢያክሉ ይህ ቁጥር አለመለወጡ ነው። የእህሉ መጠን ጠቅላላውን ክፍተት አይወስንም።

እንግዲያው የመጠን ልዩነት ምን ያመጣል? የሚያመጣው የክፍተቱን ባለቤት መለወጥ ነው። ክፍተቱ በብዙ ጠባብ ቀዳዳዎች ከተከፋፈለ ውሃ ይይዘዋል፤ በጥቂት ሰፊ ቀዳዳዎች ከተከፋፈለ አየር ይይዘዋል። ምክንያቱም የካፒላሪ ሕግ ነው። ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ቱቦው 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከፍታው ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ወደ 100 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ይህ በሳክሲያ ላይ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል። ማንኛውም ሳክሲያ ውሃ ጠጥቶ ትርፉ ከተንጠባጠበ በኋላ ከታች በኩል ሙሉ በሙሉ በውሃ ተይዞ የሚቀር ክፍል አለው። የዚህ ክፍል ቁመት የሚወሰነው በሙሌቱ ቀዳዳ ስፋት እንጂ በሳክሲያው ቁመት አይደለም። ሳክሲያው 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረውና የሙሌቱ ቀዳዳ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውሃው ከታች እስከ ላይ ይይዘዋል፤ በታላቅ ርኅራኄ የተጨመረው ጥቁር አፈር የሚያደርገው ይህንን ነው። ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን በውሃ የሚያዘው የታችኛው አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለሥሩ መተንፈሻ ይሆናል። ሳክሲያው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ተክሉም አንድ ሆኖ ሳለ ሕይወትና ሞት የሚለያዩት በቀዳዳው ስፋት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነጥብ አለ። ኮንክሪት የሚያዘጋጅ መሐንዲስ አሸዋውንና ጠጠሩን ከደቃቅ እስከ ትልቅ አመጣጥኖ ይደባልቃል፤ ትንንሹ በትልልቁ መካከል እየገባ ክፍተቱ እንዲቀንስና ሲሚንቶ እንዲቆጠብ ነው። የኦርኪድ አትክልተኛ ይህን ደንብ መገልበጥ አለበት። ለእርሱ ክፍተቱ ጉድለት ሳይሆን ዋናው ሀብት ነው። ስለዚህ ሙሌቱን በወንፊት ነፍቶ አንድ መጠን ያላቸውን ብቻ ማስቀረት፣ ደቃቁን መጣል፣ አቧራውንም በውሃ ማጠብ ይኖርበታል። በትልልቅ ቅርፊት መካከል የተጨመረ አንድ እፍኝ ደቃቅ አሸዋ ድብልቁን ያሻሽላል ተብሎ ቢታሰብም ዋናውን ቀዳዳ ይደፍናል።

፬. በታች የሚነጠፈው ጠጠር

በብዙ ቤት የሚሠራበት አንድ ልማድ አለ። ሳክሲያ ሲሞላ «ውሃው እንዲወርድ» ተብሎ በመጀመሪያ ጠጠር ወይም ገል ይነጠፋል፤ በላዩም ደቃቁ ሙሌት ይደረጋል። ይህ ልማድ ከመሐንዲስ ፊት ሊያልፍ አይገባውም። ለመሬት ቤት ወለል ሲሠራ ከኮንክሪቱ በታች የድንጋይ ንጣፍ የሚደረግበት አንዱ ምክንያት እርጥበት ከአፈሩ ወደ ላይ እንዳይወጣ ነው። ሰፊው ክፍተት የካፒላሪውን መንገድ ይቆርጠዋል። በሳክሲያም ውስጥ የሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ውሃው ከላይ መምጣቱ ብቻ ነው። በጠባብ ቀዳዳ የተያዘ ውሃ በፈቃዱ ወደ ሰፊ ቀዳዳ አይገባም፤ ከደቃቁ ሙሌት በታች ያለው ክፍል እስኪሞላ ድረስ በወሰኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። በመሆኑም የጠጠሩ ንጣፍ ውሃውን አያስወግደውም፤ በውሃ የተያዘውን ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ።

ይህን ለመመርመር መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በውሃ ተነክሮ በአግድሙ በመዳፍ ላይ ይያዝ። ትርፉ ውሃ ተንጠባጥቦ ሲያበቃ ስፖንጁ ሳይጨመቅ በቁመቱ ይቁም፤ ውሃ እንደገና መንጠባጠብ ይጀምራል። ስፖንጁ አልተለወጠም፤ ቀዳዳዎቹም አልተለወጡም። የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። በአግድሙ ሳለ አብዛኛው ክፍሉ ካፒላሪው ሊይዘው በሚችለው ከፍታ ውስጥ ነበር፤ ሲቆም ግን ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ውሃውን ለቀቀ። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሳክሲያ ደቃቅ ሙሌት ሲይዝ ቶሎ የሚረግረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

፭. በሥራ ላይ የዋሉ ማቴሪያሎች

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተመራጭ የነበረው ኦስሙንዳ የተባለው የፈርን ተክል ሥር ነው። ጥቁር፣ እንደ ሽቦ ጠንካራና ቶሎ የማይበሰብስ በመሆኑ አየርንም ውሃንም ያስተናግድ ነበር። ነገር ግን የሚገኘው ከዱር ተቆፍሮ ስለሆነ እያደር ብርቅና ውድ ሆነ። በእርሱ ፋንታ የገባው የዛፍ መሰል ፈርን ግንድም ተመሳሳይ ችግር ገጠመው፤ ከእነዚህ ፈርኖች ብዙዎቹ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው «ሳይተስ» በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ይገኛሉ።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጥድ ዓይነት ዛፎች ቅርፊት ቦታውን ያዘ። ቅርፊቱ በእንጨት መሰንጠቂያዎች ዘንድ የሚጣል ትርፍ ነበር። አትክልተኞቹ ሰባብረው በወንፊት ለዩት፤ ርካሽ፣ ቀላል፣ በመጠን የሚመረጥ ሙሌት ሆነላቸው። ሆኖም አንድ ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ ተክሎቹ መገርጣት ጀመሩ። ቅርፊቱን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕዋሳት ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ስለሚወስዱት ለተክሉ የሚተርፈው አነሰ። ስለዚህ በቅርፊት ለተተከለ ኦርኪድ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ መስጠት የተለመደ ሆነ። አንድ ማቴሪያል ሲለወጥ የአያያዙ ሥርዐት ሁሉ አብሮ እንደሚለወጥ ከዚህ መማር ይቻላል።

በረግረግ የሚበቅለው ስፋግነም የተባለው ሞስ ሌላው ነው። የደረቀው ከክብደቱ እስከ ሃያ እጥፍ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ላላ ተደርጎ ሲሞላ በቃጫዎቹ መካከል አየር ይተርፋል፤ ተጠቅጥቆ ሲሞላ ግን ሥሩን ያፍነዋል። በታይዋን ለገበያ የሚመረተው ፋሌኖፕሲስ በአብዛኛው በዚህ ሞስ ይተከላል፤ እዚያ ግን ውሃ የሚያጠጣው የሠለጠነ ሠራተኛ ነው።

የኮኮናት ፍሬ ውጫዊ ልባስ ተቆራርጦ ሲቀርብ ከቅርፊት የበለጠ ውሃ ይይዛል፤ ለመበስበስም ይዘገያል። ጨው ሊኖርበት ስለሚችል ከመተከሉ በፊት ደጋግሞ ማጠብ ግዴታ ነው። ከሰል ቶሎ ስለማይበሰብስ ድብልቁን ክፍት አድርጎ ያቆያል። ፐርላይት ቀላልና ንጹሕ ነው፤ ለደቃቅ ድብልቅ አየር ለመጨመር ያገለግላል።

በመጨረሻም የማይበሰብሱት አሉ፤ በእሳት ተነፍቶ የተጠበሰ የሸክላ ጠጠር፣ ፑሚስና ስኮሪያ። ፑሚስና ስኮሪያ እሳተ ገሞራ የተፋቸው፣ በውስጣቸው አያሌ ቀዳዳ ያላቸው ድንጋዮች ናቸው። የእነዚህ ጥቅም ሁለት ዓይነት ክፍተት በአንድነት መያዛቸው ነው። በእያንዳንዱ ጠጠር ውስጥ ያለው ጠባብ ቀዳዳ ውሃ ይይዛል፤ በጠጠርና በጠጠር መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት አየር ያሳልፋል። የወንዝ ጠጠር ግን ውስጡ ድፍን ስለሆነ አየር እንጂ ውሃ አያቆይም። በመልክ ቢመሳሰሉም በሥራ አይገናኙም።

፮. ምርጫው በሦስት ጥያቄ ይወሰናል

የመጀመሪያው ጥያቄ ተክሉ የቱ ነው የሚል ነው። ወፍራም ሥር ያለው ፋሌኖፕሲስ ወይም ካትሊያ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ቅርፊት ይስማማዋል። ቫንዳ የተባለው ሥሩን በአየር ላይ ዘርግቶ ባዶ ቅርጫት ውስጥ ያለ ምንም ሙሌት ሊኖር ይችላል። ብዙዎቹ ፓፊዮፔዲለሞች በደን ወለል ብስባሽ ውስጥ ስለሚበቅሉ ደቀቅ ያለና እርጥበቱ የማይቋረጥ ሙሌት ይፈልጋሉ። ሥሩ ቀጭን የሆነ ችግኝም እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቦታው የት ነው የሚል ነው። በአዲስ አበባ በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ ነው፤ በቦንጋ ወይም በጅማ አካባቢ ግን እርጥበት ይበዛል። አንዱ ተክል በሁለቱ ቦታ አንድ ሙሌት ሊሰጠው አይገባም፤ በደረቁ ቦታ ደቀቅ ያለው፣ በእርጥቡ ቦታ ሸካራው ይሻላል። ብርድም መቆጠር አለበት። ሌሊቱ በቀዘቀዘበት ክፍል ውስጥ ተክሉ የሚጠጣው ውሃ ጥቂት ነው፤ ሙሌቱም ለመድረቅ ይዘገያል። የሳክሲያው ዓይነትም እዚሁ ይታያል፤ ያልተቀባ ሸክላ በጎኑ ስለሚተን ቶሎ ይደርቃል፤ ፕላስቲክ ግን እርጥበቱን ያቆያል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የሚረሳው ነው፤ ይኸውም ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው የሚል ነው። ተክሉን ሳያይ ውሎ የማያድር፣ እጁ ከውሃ ጣሳ የማይለይ ሰው አለ። እንዲህ ላለው ሰው ሸካራ ቅርፊት ወይም ስኮሪያ ይስማማዋል፤ ደግነቱ በቀዳዳው በኩል ወርዶ ይፈስሳልና። ለመስክ ሥራ ወጥቶ በሳምንቱ የሚመለስ ሰው ደግሞ አለ፤ ለእርሱ ስፋግነም ወይም የኮኮናት ቁራጭ ይሻለዋል። ብዙ ጊዜ ሁለት ጓደኛሞች ስለ ሙሌት ሲከራከሩ አንዱ ቅርፊትን፣ ሌላው ሞስን ያወድሳል፤ ሁለቱም ከልምዳቸው እውነቱን ይናገራሉ። የተለያዩት በሙሌቱ ሳይሆን በእጃቸው ነው። ሙሌትና ውሃ አጠጪ አንድ ሥርዐት ናቸው፤ አንዱ ሲመረጥ ሌላው ታስቦ መሆን አለበት።

፯. ስለ ሙሌቱ ዕድሜ

ምንም ሙሌት በመጀመሪያው ቀን እንደነበረ አይቀርም። ቅርፊት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ይለሰልሳል፤ ይፈረፈራል፤ ደቃቁም ወደ ታች እየወረደ ሰፊውን ቀዳዳ ይሞላዋል። የባቡር ሐዲድ ጠጠር በዱቄት ሲሞላ ውሃ ማስወረዱን እንደሚያቆምና በአዲስ እንደሚተካ ሁሉ የሳክሲያውም ሙሌት ይደፈናል። እዚህ ላይ አደጋው ከላይ የማይታይ መሆኑ ነው። ላዩ ደረቅና ንጹሕ ቅርፊት መስሎ ታችኛው ክፍል ጭቃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ልክ ሲጠጣ የኖረ ተክል በሦስተኛው ዓመት በዚያው ልክ ሲሞት ባለቤቱ ግራ ይጋባል፤ እርሱ ምንም አልለወጠም። የተለወጠው ቀዳዳው ነው።

ስለዚህ በቅርፊት የተተከለ ኦርኪድ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ አዲስ ሥር ማውጣት ሲጀምር፣ ሙሌቱ ሊለወጥለት ይገባል። ድንጋያማ ሙሌት ለመበስበስ አይሰጋም፤ ነገር ግን የማዳበሪያና የውሃ ጨው ስለሚጠራቀምበት አልፎ አልፎ በብዙ ንጹሕ ውሃ መታጠብ አለበት። ውሃ ከመጨመር በፊት ሳክሲያውን አንስቶ ክብደቱን መገመት ደግሞ ከማንኛውም መሣሪያ የማይተናነስ መለኪያ ነው።

፰. በአገራችን ያለው

ኢትዮጵያ ኦርኪድ ከውጭ ብቻ የሚመጣላት አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2004 በሰብስቤ ደምሰው፣ በፊሊፕ ክሪብና በፊን ራስሙሰን የታተመው መጽሐፍ በአገሪቱ የሚበቅሉትን ኦርኪዶች በዝርዝር ያሳያል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በደቡብ ምዕራብ እርጥብ ደኖች ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ፣ ለቡና ጥላ በተተዉት ዛፎችም ላይ ሳይቀር፣ ሥራቸውን በቅርፊትና በሞስ መካከል ዘርግተው ይኖራሉ። የኦርኪድ ሙሌት ምን መምሰል እንዳለበት ለማወቅ የሚሻ ሰው ከአንዲት እንዲህ ካለች ቅርንጫፍ የተሻለ አስተማሪ አያገኝም። ነቅሎ መውሰድ ግን አይገባም። የኦርኪድ ቤተሰብ ሁሉ በሳይተስ ስምምነት የተጠበቀ ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ከዚህም በላይ በዛፉ ላይ ጸንቶ የኖረ ተክል ሥሩ ተቀዶ ወደ ከተማ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው በመግቢያው የተነገረው ታሪክ ነው።

ስለ ማቴሪያሉ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ፑሚስና በቢሾፍቱ አካባቢ ካሉት ኮረብቶች የሚወጣው ቀይ ስኮሪያ ለብሎኬት ማምረቻና ለመንገድ ሥራ ስለሚውሉ በዚህ ጉባኤ ያሉ ሁሉ በሚገባ ያውቋቸዋል። እነዚህ ድንጋዮች ለግንባታ የሚመረጡት በቀላልነታቸው ነው፤ የቀላልነታቸው ምክንያት የሆነው ባዶ ክፍተት ለኦርኪድም የሚፈለገው ነው። በወንፊት ተነፍተው፣ አንድ መጠን ተመርጦላቸው፣ አቧራቸው እስኪጠራ ታጥበው ከከሰል ጋር ቢደባለቁ ለወፍራም ሥር ተክሎች ሊሞከሩ የሚገባቸው ሙሌቶች ናቸው። ለብሎኬት የሚላከው ማቴሪያል ከነዱቄቱ ስለሆነ ሳይነፋና ሳይታጠብ ወደ ሳክሲያ መግባት የለበትም።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

መሐንዲስ በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚታገለው ክፍተትን ለማጥፋት ነው። አፈር ይጠቀጥቃል፤ ኮንክሪት ያርገበግባል፤ ስንጥቅ ይደፍናል። ባዶ ቦታ በእርሱ ዓይን የድካም ምልክት ነው። ኦርኪድ ግን የምትጠይቀው ባዶ ቦታ እንዲተውላት ነው። ያቺ በስጦታ የመጣች ተክል በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ የተተወች መስላ ስትታይ አልተበደለችም ነበር፤ የምትተነፍስበት ቤት ተሠርቶላት ነበር። ለሚቀጥለው በዓል እንዲህ ያለ ስጦታ የሚደርሰው ሰው አፈር ከመፈለጉ በፊት ሳክሲያውን አንሥቶ ክብደቱን ይመዝን፤ ሥሩ ብርማ ይሁን አረንጓዴ ይመልከት። አረንጓዴ ከሆነ እጁን ይሰብስብ።